በባዶ ሆድ ነኝ ያልሁ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ጾም ነው። ሰው ከሞት አፍ የወጣበትን ቀን በደስታ ያስታውሳል። እኔም ከሞት ወጥቻለሁ፤ ነገር ግን ያን ሰሞን ባሰብሁ ቁጥር ፊቴን የት ላድርገው ነው የምለው። የምጽፈው ራሴ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ስሕተት ቢገኝበት አንባቢ ይለፈኝ። ልጄ እኔ ልጻፍልህ ብሎኝ ነበር፤ እሱ ከጻፈው አሳምሮ ያወጣኛል ብዬ ከለከልሁት።

ቤቴ ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። ጉልበቴ እስኪደክም ወደብ ላይ ሸቀጥ ስጭንና ሳወርድ ኖርሁ። አሁን በጓሮዬ ጥቂት የማንጎና የዘይቱን ዛፍ አለኝ፤ እነሱን እየኮተኮትሁ ከባለቤቴ ከየሺ ጋር እኖራለሁ። ልጃችን ደሳለኝ እዚሁ ከተማ መምህር ነው።

በሽታው የጀመረኝ በማሳከክ ነው። መጀመሪያ መዳፌን፣ ቀጥሎ ሆዴን፣ ከዚያ መላ ሰውነቴን አሳከከኝ። ሸሚዜን ሳወልቅ የደም ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል። ሽንቴ እንደ ጠላ ጠቆረ። አንድ ቀን ጸጉሬን የሚያስተካክለው ሰው በመስተዋቱ ውስጥ አየኝና መቀሱን አቆመ። «አባባ፣ ዓይንዎ እኮ እርድ መስሏል» አለኝ።

ሰፈሩ ሁሉ የወፍ በሽታ ነው አለ። «ብቻ መርፌ እንዳትወጋ፤ የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከነካው አለቀለት» አሉኝ። አንዱ ሥር ቀጥቅጦ አጠጣኝ። መረረኝ እንጂ አልረዳኝም። ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ እስኪፈልግ ድረስ ከሳሁ። በመጨረሻ ደሳለኝ ተቆጣ፤ እጄን ይዞ ሆስፒታል ወሰደኝ።

እዚያ ደሜን ወሰዱ፤ ሆዴን ቀዝቃዛ ቅባት እየቀቡ በመሣሪያ አዩ፤ በትልቁ ማሽን ውስጥም አጋድመው አነሡኝ። ከዚያ የቀዶ ጥገናው ሐኪም ከልጄ ጋር አስገባኝ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም።

«አባቴ፣ ከጉበት ወደ አንጀት ሐሞት የሚወርድበት ቀጭን ቧንቧ አለ። የእርስዎ እዚህ ላይ ጠብቧል። ሐሞቱ መውረጃ ሲያጣ ወደ ደም ተመለሰ፤ ቢጫ ያደረገዎት እሱ ነው።»

«ምን አጠበበው?» አልሁ።

«እብጠት አለ። ክፉ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። በፎቶ ብቻ አይለይም።»

ክፉ ያለው ካንሰርን እንደሆነ ከልጄ ፊት አወቅሁ።

ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ አለን። አንደኛው ሆድን ቀድዶ እብጠቱን ከነቧንቧው ማውጣት ነው። ትልቅ ቀዶ ጥገና ነው፤ በእኔ ዕድሜ ገብቶ አለመውጣትም አለ። ደግሞ እብጠቱ ክፉ ሳይሆን ቢቀር በከንቱ መቀደድ ነው። ሁለተኛው ሳይቀድዱ ነው። ሰውየውን አስተኝተው ካሜራ ያለው ቱቦ በአፉ ያስገባሉ። ቱቦው በጨጓራ በኩል አልፎ እስከ ሐሞቱ በር ይደርስና ከእብጠቱ ትንሽ ቆንጥሮ ይዞ ይመለሳል። የተቆነጠረው ተመርምሮ እውነቱ ይታወቃል። ይህን የሚሠራው ሐኪም ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ ነው፤ በቅርቡ ይመጣል አሉን።

«ሳይቀድዱኝ ካወቁልኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ» አልሁና ተመዘገብሁ።

ከዋዜማው ጀምሮ የተቀበለችኝ ነርስ ሲስተር ዘሐራ ነበረች። የወረታ ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ፈገግታዋ ከፊቷ አይለይም። አጠገቤ ቁጭ ብላ እንዲህ አለችኝ።

«አባባ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምንም ነገር በአፍዎ እንዳይገባ። ተኝተው ሳለ ከጨጓራ የወጣ ነገር ወደ ሳንባ ከገባ አደገኛ ነው።»

እኔ ሳቅሁ። «ልጄ፣ እኔን ጾም ልታስተምሪኝ ነው? ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ስጀምር እናትሽም አልተወለደች።»

«እኔስ ጾመኛ አይደለሁ?» አለች። ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበርና እሷም ከንፈሯ ደርቋል።

«የእናንተማ ማታ ማታ ድግስ አለበት!»

«እስቲ ለአፍጥር ይምጡና ይዩት። ሳምቡሳ አቆይልዎታለሁ።»

«ሥጋ ያለበትን?»

«የምስር ነው አባባ፤ እኔ መቼ አስገድፍዎታለሁ።»

እንዲህ እየተባባልን ተለያየን። እኔም ታምሜ እንኳ ጾሜን አለመተዌን ለአልጋ ጎረቤቶቼ ስተርክ አመሸሁ። ኩራት ነበረብኝ፤ አልደብቅም።

የሺ ግን በበኩሏ ዝም አላለችም ነበር። በዚያው ሳምንት በሚኒባስ ሐሙሲት ሄዳ፣ ከዚያ ዋንዛዬ ወርዳ ጸበል በጀሪካን ይዛ መጥታለች። በቀጠሮው ጠዋት ተራዬን ስጠብቅ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ጠራችኝና ከዘንቢሏ ሁለት የላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። እምነት የምንለውን ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን አመድ በጥብጣበታለች።

«እንካ፣ ቱቦው ሳይገባ ጸበሉ ይቅደመው» አለችኝ።

ጸበል ሲጠጡት ፉት ብለው አይተዉትም። አንዱን ጠርሙስ ገልብጬ ጨረስሁ፤ ሁለተኛውንም አጋመስሁት። ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ በእኛ ዘንድ ጸበል ጾም አይገድፍም። ጾመኛ ጸበሉን ጠጥቶ ጾሜን ነኝ ቢል ማንም ውሸታም አይለውም። ያን ዕለትም ጠርሙሱን ሳስቀምጥ አንድ ነገር በአፌ ገባ የሚል ሐሳብ በልቤ አላለፈም።

አፌን በጋቢዬ ጫፍ እየጠረግሁ ሳለ ሲስተር ዘሐራ ከበሩ ጠራችኝ።

«አባባ፣ ምንም አልቀመሱም?»

«በባዶ ሆድ ነኝ።»

«መጠየቅ ግዴታዬ ሆኖ ነው እንጂ እርስዎንስ አልጠራጠርም» አለችና ደግፋ አስገባችኝ።

ከዚያ በኋላ የማውቀው ክንዴ ላይ መርፌ መግባቱን ነው።

ስነቃ ደረቴ ተቀድዶ የተሰፋ ይመስል ነበር። አፍና አፍንጫዬ ላይ መሸፈኛ አድርገዋል። ሳል ይዞኛል፤ በሳልሁ ቁጥር ጎኔ ይወጋኛል። ቱቦው ገና ጉሮሮዬን ሲያልፍ ከሆዴ አመድማ ፈሳሽ ገንፍሎ ወጣ አሉኝ። ጥቂቱ ወደ ሳንባዬ ወረደ። ትንፋሼ ተቋረጠ። ምርመራውን ትተው ሕይወቴን ለመመለስ ሲረባረቡ ቆዩ። አንዲት ቅንጣት ሳይቆነጥሩ ቀሩ።

ዓይኔን ጨፍኜ ሳለ ከበሩ ውጭ የደሳለኝን ድምፅ ሰማሁ።

«በእግሩ ነው የገባው! በእግሩ ሄዶ የገባ ሰው ነው!»

«ወንድሜ፣ ትንሽ ረጋ በል...» ይህ የዘሐራ ድምፅ ነው።

«በቅጡ ሳትጠይቂው ነው ያስገባሽው! የራስሽ ሰው ቢሆን እንዲህ አታደርጊም ነበር!»

ልጄ «የራስሽ ሰው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እኔም ገባኝ፣ እሷም ገባት። «አባቴን በምጠይቅበት አፍ ነው የጠየቅኋቸው» አለች።

የቀዶ ጥገናው ሐኪምም መጣ። «ዘሐራ፣ ይህ ሰው በልቶ ወይም ጠጥቶ ነው የገባው» ሲላት ሰማሁ። እሷም «አይደለም ዶክተር፤ ጠይቄያቸዋለሁ። እሳቸው አይዋሹም። ወላሂ በባዶ ሆድ ነው የገቡት» አለች።

ያን ጊዜ ነው ጠርሙሱ ትዝ ያለኝ። ያ አመድማ የተባለው ፈሳሽ ምን እንደሆነ በአንድ ጊዜ ገባኝ።

ሐኪሙ ወደ አልጋዬ መጥቶ መሸፈኛውን ከፍ አደረገልኝ። «አባቴ፣ ማንም አይቆጣዎትም። እውነቱን ይንገሩኝ። የቀመሱት ነገር ነበረ?»

የሺ ከእግርጌ ቆማለች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ታየኛለች።

«የለም» አልሁ።

ለምን እንዲህ እንዳልሁ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አንዱ ጸበሉ ነው። ጸበል ጠጥቶ ሊሞት ነበር ተብሎ በሆስፒታሉ ሁሉ ሲወራ፣ የማያምን ሲያሾፍ ታየኝ። አንዱ የሺ ናት። ያ ሁሉ መንገድ ሄዳ ያመጣችውን፣ አንቺ ነሽ ልትገድዪው የነበረው ይሏታል ብዬ ፈራሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያፈርሁት ጾም አዋቂ ነኝ ብዬ ስኩራራ በማደሬ ነው። አንዴ «የለም» ካልሁ በኋላ ደግሞ ቃሉ እንደ ድንጋይ አንገቴ ላይ ተቀመጠ።

ሐኪሙ ሲወጣ የሺ ጆሮዬ ሥር መጣች። «ጸበሉ ነው ያስወጣው፤ የወጣው በሽታው ነው። ዝም በል» አለችኝ። ጸበል የጠጣ ሰው ሲያስመልሰው ክፉው ወጣለት ነው የምንለው። እኔም እንደዚያ ይሆናል ብዬ ልቤን አባበልሁ።

ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም። በማግሥቱ ሐኪሙ ደሳለኝን አስጠርቶ አጠገቤ ሆኖ አስረዳው።

«ጾሞ ያደረ ሰው ሆድ ውስጥ ያን ያህል የቆየ የሚመስል ፈሳሽ ከተገኘ፣ የጨጓራው መውጫ እየተዘጋ ነው ማለት ነው። እብጠቱ ወደዚያም ሳይገፋ አይቀርም። እንዲህ ሲሆን ምልክቱ ጥሩ አይደለም። እንደገና በአፍ መግባትም ያሰጋል። ሳንባው ሲሻለው ሆዱን መክፈት ነው የሚሻለው።»

ደሳለኝ «ካንሰር ነው ማለት ነው?» አለ።

«ወደዚያ ያዘነብላል።»

እንግዲህ አንባቢ ይፍረደኝ። ሐኪሙ ያን ያህል ተምሮ፣ ያን ያህል አስቦ የደረሰበት ነገር በእኔ ውሸት ላይ የቆመ ነበር። ጨጓራዬ አልተዘጋም። የሺ የበጠበጠችው አመድ ነው። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ ልጄ መተላለፊያው ላይ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ እየሰማሁ፣ ዝም አልሁ። ከማፈር መቀደድ ቀለለኝ።

ሳንባዬ እስኪጠራ መድኃኒት ሲሰጡኝ ሰነበቱ። ከአዲስ አበባ የሚመላለሰው ሐኪም ሄደ። ዘሐራን አላያትም ነበር። ስለ እሷ ጠየቅሁ። ነገሩ እስኪጣራ ከምርመራ ክፍሉ አንሥተዋት መድኃኒት ማከማቻ ውስጥ ዕቃ ታስተካክላለች አሉኝ። አንዷ ነርስ ደግሞ «እስክትማል ድረስ ተከራከረች እኮ፤ ሽማግሌው አልጠጡም ብላ» አለችኝ። ያን ቀን የመጣልኝን ሽሮ ሳልነካ መለስሁት።

ሆዴ ሊቀደድ አንድ ቀን ሲቀር፣ ከሰዓት በኋላ ዘሐራ ራሷ መጣች። ጾመኛ ናት፤ ፊቷ ገርጥቷል። የሺ ወጣ ብላ ነበርና ብቻዬን ነኝ። እጇን እያፍተለተለች ቆመች።

«አባባ፣ ነገ እንደሚገቡ ሰምቼ ነው። ይቅር እንዲሉኝ ልጠይቅዎት መጣሁ።»

«እኔ? አንቺን?»

«ቤት ገብቼ ሳስበው የኔም ጥፋት አለበት። ሌላውን ሰው እህል፣ ውኃ፣ ሻይ፣ መድኃኒት እያልሁ አንድ በአንድ ነው የምጠይቀው። እርስዎን ጾም ያውቃሉ ብዬ በጅምላ ጠየቅሁዎት። ምናልባት ያላወቅሁት ነገር ካለ...» እንባዋ መጣና ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ቃጣች።

ጉልበቴን ሰበሰብሁ። ለብዙ ዓመት የተሸከምሁት ጆንያ ሁሉ እንደዚያች ልጅ ጎንበስ ማለት አልከበደኝም።

«ልጄ ቀና በይ። ጠጥቻለሁ።»

«ምን?»

«ጸበል። ስትጠሪኝ አፌን የምጠርገው እሱን ጠጥቼ ነው። ጸበል ጾም አይገድፍም ብዬ ነው እንጂ ልዋሽሽ ብዬ አልነበረም። ያን ጊዜ አልዋሸሁም። የዋሸሁት በኋላ ነው።»

የአልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ምን ያህል?»

በእጄ የጠርሙሱን ቁመት አሳየኋት። «አንድ ተኩል።»

«ንጹሕ ውኃ ነው?»

«እምነት አለበት። አመድ።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ትስቅም ይሆናል አልሁ። አልተቆጣችም፤ አልሳቀችም። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ «እኔ እኮ ስለ እርስዎ ምያለሁ» አለች።

ጋቢዬን እስከ አፌ ሳብሁ።

ከዚያ ድንገት ብድግ አለችና ሮጠች። ሐኪሙን ይዛው ስትመጣ ትንፋሿ ተቆራርጧል። «ዶክተር፣ ጸበል ጠጥተው ነበር። አመድ ያለበት ጸበል። አዛውንት አይደሉ፤ ረስተውት ነው» አለችው።

ልብ በሉ፤ እኔን ልታድነኝ ነው። ስሟን ያጠፋሁባትን እኔን።

ያን እንኳ አሜን ብዬ ብቀበለው ኖሮ ዛሬ ይህን ለመጻፍም እጄ አይታዘዘኝም ነበር። «አልረሳሁም ዶክተር» አልሁ። «ሲጠይቁኝ አውቀዋለሁ። አፍሬ ነው የለም ያልሁ። እሷ ጥፋት የለባትም።»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «አባቴ» አለኝ፣ «ነገ ጠዋት እኮ ሆድዎን ልከፍት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቁ?»

ስልኩን አውጥቶ እዚያው ወደ አዲስ አበባው ሐኪም ደወለ። የሰማሁት «ጨጓራው አልተዘጋም... አይ፣ ጸበል ነው፣ ጸበል» የሚለውን ብቻ ነው። ስልኩን ሲዘጋ ቀዶ ጥገናው ይቅር፣ ሰውየው ቀኑን አሳጥሮ ይመጣልና በአፍ እንደገና እንሞክራለን አለኝ።

ደሳለኝ ሲመጣ ሁሉንም ነገርሁት። ተነሥቶ ወጣ። መድኃኒት ማከማቻው ድረስ ሄዶ ይቅርታ እንደ ጠየቃት በኋላ ሰማሁ። እሷ ያለችው «አባትህ ታመው ነው የጮኽኸው፤ እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ» ብቻ ነው አሉ። ከእኔ ጋር ልጄ ጥቂት ቀን በአንገቱ ብቻ ነበር የሚነጋገር።

የሺማ አኮረፈች። «ጸበሉን ከሰስኸው» አለችኝ። የንስሐ አባታችንን አስጠርታ ልታስገሥጸኝ ሞከረች። እሳቸው ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙና ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ፣ ከላይ ብትረጪው አይበቃውም ነበር? ጸበል መጠጣት ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው?» አሏት። ወደ እኔም ዞረው «አንተን ደግሞ ኋላ አገኝሃለሁ» አሉ። አገኙኝም፤ የሰጡኝን ቀኖና ግን እዚህ አልጽፈውም።

የአዲስ አበባው ሐኪም መጣ። ዘሐራም ወደ ምርመራ ክፍሉ ተመልሳ ነበር። በሩ ላይ ወረቀቷን ይዛ ቆመች።

«አባባ፣ እህል?»

«የለም።»

«ውኃ?»

«የለም።»

«ጸበል?»

«የለም። ጸበሉን ግንባሬን ተቀብቻለሁ፤ ወደ አፌ እንዳይወርድ ከንፈሬን ነክሼ ነው። ምራቄን ግን ስጠብቅ ውጫለሁ፤ እሱን ልንገርሽ።»

ሳቋ አመለጣት፤ ወረቀቱን ፊቷ ላይ አድርጋ በሩን ተደገፈች። እኔ አልሳቅሁም። የምሬን ነበር።

በዚህኛው ጊዜ በሰላም ገብቼ በሰላም ወጣሁ። ስነቃ መጀመሪያ ያደረግሁት ሆዴን መዳሰስ ነው። ቁስል የለም፣ ስፌት የለም። ከጠበበው ቦታ ቆንጥረዋል፤ ሐሞቱ እንዲወርድ ቀጭን የላስቲክ ቱቦም አስቀምጠውበታል። ማሳከኩ በጥቂት ቀን ውስጥ ቀነሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛሁ።

ውጤቱ የመጣው በሰሞነ ሕማማት ነው። የቀዶ ጥገናው ሐኪም አስገባንና «ካንሰር አይደለም» አለ። ደሳለኝ ወንበሩ ላይ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳን። የሰውነቴ መከላከያ ራሱ ተሳስቶ በገዛ ቧንቧዬ ላይ ተነሥቶ ያሳበጠው ነው አለ። ብዙ አይገኝም። በፎቶ ሲታይ ቁርጥ ካንሰር ይመስላል። ስንቱ ሰው ሆዱ ከተቀደደና ቧንቧው ከወጣ በኋላ ነው ካንሰር አለመሆኑ የሚታወቀው። የእኔ ከቆነጠሩት ሥጋና ከደሜ ምርመራ ሳልቀደድ ታወቀ። መድኃኒቱም ኪኒን ነው።

ኪኒኑን ዋጥሁ። እብጠቱ ከሰመ። ዓይኔ ነጣ፤ ቀበቶዬም ወደ ቀድሞ ቀዳዳው ተመለሰ። የላስቲኳንም ቱቦ በአፌ ገብተው አወጡልኝ።

አሁን ለክትትል ስሄድ ዘሐራን አገኛታለሁ። «እንዴት ነዎት አባባ?» ትለኛለች እንደ ጥንቱ። የሺም ወዳጇ ሆና ማንጎ ሲደርስ በዘንቢል ትልክላታለች። እኔ ግን ቀና ብዬ ዓይኗን ማየት ገና አልሆነልኝም። መሬት መሬት እያየሁ ነው ደኅና ነኝ የምላት። አንድ ቀን ከእኔ በፊት ተራ የያዙ አንዲት እናት ስትጠይቅ ሰማኋት። «እማማ፣ ጸበልም ቢሆን፣ ዘምዘምም ቢሆን፣ ጠብታም ቢሆን ይንገሩኝ» ትላቸዋለች። ሴትዮዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወደ ሌላ ቀን አዛወረቻቸው። እኔ ኮፍያዬን ወደ ግንባሬ ሳብሁ።

ሰፈር ውስጥ ጸበሉ አዳነው የሚል አለ፤ ሐኪሞቹ አዳኑት የሚልም አለ። ከማንም አልከራከርም፤ ሁለቱንም አመሰግናለሁ። ጸበሉን ጠጥቼ በመግባቴም ያን ያህል አላፍርም፤ ሳላውቅ ነው። ቆዳዬን የሚልጠኝ ካወቅሁ በኋላ ዝም ያልሁባቸው ቀኖች ናቸው። ልጅቱ መድኃኒት ስትደረድር እኔ ተጋድሜ ጣሪያ ሳይ የነበርሁባቸው ቀኖች።

በቅርቡ ሁለት ጎረቤቶቻችን በአጥር ተጣልተው ለሽምግልና ተጠራሁ። የቀድሞውን ወሰን የማውቀው እኔ ነኝ። አንደኛው ሰውዬ ገና ሳልናገር እጁን አነሣና «አባባ ፈንታሁን ካሉ ለእኔ ይበቃኛል፤ ሌላ ምስክር አልፈልግም» አለ። ሌላውም ተስማማ።

«የለም፣ ሌላም ሰው ጠይቁ» አልኋቸው።

ትሕትና መስሏቸው አመሰገኑኝ።